ተልባውን አስቀምጪውና ስሚኝ

ነይ እስኪ ወደ ብርሃኑ ዞር በይ። ምንድን ነው በብርጭቆ የያዝሽው? ተልባ ነው አይደል? ማርም ጠብ አድርገሽበታል። ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ፤ እማዬ ናት፣ «ለጨጓራ ከተልባ ወዲያ መድኃኒት የለም» ብላ። አልዋሸችም፤ ሁለታችንንም በተልባ ነው ያሳደገችን። ልስላሴው የቆሰለ ሆድ ሲያባብል በራሴም አይቼዋለሁ። ያንቺ ሆድ ግን የያኔው ሆድ አይደለም። በ100 ግራም ተልባ ውስጥ ወደ 800 ሚሊግራም ፖታሲየምና ከ600 ሚሊግራም በላይ ፎስፈረስ አለ። ጤነኛ ኩላሊት ይህን በሽንት ሸኝቶ ይረሳዋል፤ ያንቺ ደም ግን እስከ ማክሰኞ፣ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ ይዞት ይቆያል። ፖታሲየም ሲጠራቀም ደግሞ የሚነካው ሆድን ሳይሆን ልብን ነው። ውኃው ራሱ ሩብ ሊትር ይሆናል። የቀን ድርሻሽ ስንት እንደሆነ ከእኔ አፍ ከምትሰሚ አንቺው ንገሪኝ።

አስቀምጪውና ተቀመጪ። ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ።

«ጨጓራሽ ነው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት እጥበት ክፍል የሠራሁ ነርስ፣ ጓደኞቼ «በር ላይ የቆመን ሰው የፊቱን ቀለም አይታ ክሬቲኒኑን ትገምታለች» እያሉ የሚቀልዱብኝ ሰው፣ የገዛ እህቴን ኦሜፕራዞል ገዝቼ አስይዤ ሸኘኋት። ይህን ለይቅርታ ብዬ አላነሳውም፤ ይቅርታውን የሆስፒታል ኮሪደር ላይ አልቅሼ ጨርሻለሁ። የማነሳው እንዴት እንደተታለልኩ እንድታዪው ነው፤ ያው ሆድ ነገም ሊያታልልሽ ይችላልና።

ያለፈውን ፋሲካ አስታውሺ። ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን እማዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ላንቺ ጠቀለለች፣ ከእንቁላሉም ቆንጠር አድርጋ። አፍሽ ውስጥ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ፊትሽ ተጨማደደና ወደ ሶፍቱ መለስሽው። «ብረት ብረት ይለኛል» አልሽ። እማዬ ድስቱን ወቀሰች፣ አክስታችን ቅቤውን። እኔ ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ድንገት ቅባት ላይ የወደቀ ሆድ ነው ብዬ ፈረድኩ። ድስቱም ቅቤውም ንጹሕ ነበሩ። ኩላሊት ማስወጣት ያቃተው ዩሪያ በምራቅ በኩል ሲወጣ፣ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አፍ ብረት ብረት የሚለው፣ ትንፋሽ ሽንት ሽንት የሚሸተው፣ ሥጋ የሚያስጠላው ለዚህ ነው። ሥጋ ወዳድ የነበረ ሰው ሥጋ ጠላሁ ሲል፣ ጥርሱን ሲቦርሽም የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ዛሬ ዛሬ ዝም ብዬ አላልፈውም፤ የኩላሊት መለኪያው ክሬቲኒን ተለካ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ምርመራው አንድ ብልቃጥ ደም ነው።

የወር አበባሽ ነገርማ ይባስ። ያቅለሸልሻታል፣ ሥጋ አስጠልቷታል፣ ወሯ ቀርቷል፤ ይህን የሰማች እናት ሌላ ምን ታስብ? እማዬ የገንፎ እህል ማስለቀም ጀመረች። የክሊኒኩ የደም ምርመራ «ትንሽ ፖዘቲቭ ነው» ሲልማ ባልሽ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲያቅፍ ሰነበተ። አልትራሳውንዱ ባዶ ማሕፀን እስኪያሳየን ሁለት ሳምንት በደስታ ከረምን። ያ ምርመራ የሚፈልገውን የእርግዝና ሆርሞን ከደም ከሚያስወግዱት አንዱ ኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ባልጸነሰች ሴት ደም ውስጥም በጥቂቱ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የክሊኒኩን ወረቀት አልወቅስም። ግፊትሽን ለክተው ቢሆን ግን... ተይው። ራስ ምታትሽ ግፊት ነበር፤ አንቺ ደግሞ ለራስ ምታቱ ዲክሎፌናክ እየዋጥሽ፣ ዲክሎፌናኩ ላቃጠለው ሆድ የእኔን ኦሜፕራዞል ትደርቢበት ነበር። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውንም፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዘውንም ያንኑ አንድ ንጥረ ነገር ነው የሚያስቆሙት። በአንድ ክኒን ሁለቱንም ቦታ ቆሰልሽ። ባልሽ ተሸክሞ ድንገተኛ ክፍል ሲያደርስሽ ግፊትሽ 210 በ120፣ ሄሞግሎቢንሽ 6.8፣ ክሬቲኒንሽ 11 ገብቶ ነበር።

እኔን ያታለለኝ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ኩላሊትን ወንፊት ብቻ አድርጎ ማሰቡ ነው። ትምህርት ቤት ሌላም ተምሬ ነበር፣ ግን ዘጠኝ ዓመት ማሽን አጠገብ ስትቆሚ ሥራው ሁሉ ማጣራት ይመስልሻል፤ ማሽኑ የሚሠራው ያንን ብቻ ነውና። ኩላሊት ግን ዕጢም ነው። ሆርሞን ይሠራል፣ ሌላው ያመረተውን ሆርሞን ያነቃል፣ ያረጀውንም ሰብሮ ያስወግዳል። እጥበት ቆሻሻውንና ውኃውን ይወስድልሻል፤ እነዚያን ሥራዎች ግን አይሠራልሽም። «እየታጠብኩ ለምን ይደክመኛል?» እያልሽ ባልሽን የምታስጨንቂው ይህን ስላልነገርኩሽ ነው።

ድካምሽን እንውሰድ። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው፤ አሮጌው ሲሞት አዲስ እንዲሠራ መቅኒን የሚያዘው ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ነው፣ እሱን በብዛት የሚያመርተው ደግሞ ኩላሊት። ትእዛዙ ሲቋረጥ መቅኒው ሥራ ይፈታል። ታዲያ አሜሪካዊው ዩጂን ጎልድዋሰር ይህን ሆርሞን ለይቼ አወጣለሁ ብሎ ከሃያ ዓመት በላይ ለፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የተሳካለት ከምን መሰለሽ? ጃፓን ውስጥ መቅኒያቸው ደም መሥራት ካቆመባቸው ሕሙማን ከተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት። ሽንት! ያንቺ ኩላሊት የነፈገሽን እሱ ከሰው ሽንት ለቀመው። በ1989 መድኃኒቱ እዚያው አሜሪካ ለኩላሊት ሕሙማን ተፈቀደ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በየጊዜው ደም እየተሰጣቸው ነበር የሚኖሩት። ከእጥበት በኋላ የምትወጊው መርፌ ይኼ ነው። ዋጋው ሲከብድ «ደም ይሰጠኝና ይቅር» ያልሽውን ሰምቻለሁ። የሰው ደም በወሰድሽ ቁጥር ሰውነትሽ የባዕድን ሴል መለየት ይማራል፤ ነገ ኩላሊት ሲተከልልሽ ያ ትምህርት ጠላት ይሆንብሻል። ካልቸገረ በቀር ደም አትጠይቂ። መርፌው ያለ ብረት አይሠራም፤ ብረቱን ደግሞ በክኒን ከመውሰድ ማሽኑ ላይ እያለሽ በደም ሥር ብትወስጂው ሆድሽ ያመሰግንሻል። ሄሞግሎቢንሽንም ከጤነኛ ሰው ጋር አታወዳድሪ። በመርፌ ከ11.5 በላይ መግፋት ደም መርጋትንና ስትሮክን ይጋብዛል፣ መርፌው ራሱም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ 10.5 ሲሆን አትዘኚ።

አጥንትሽም እንዲሁ ነው፣ ይኼን ባጭሩ። ከፀሐይ የምታገኚው ቫይታሚን ዲ ሥራ የሚጀምረው ኩላሊት ሲያነቃው ነው። ያ ሲቀር ካልሲየም ከአንጀት በደንብ አይገባም፣ ኩላሊት ማስወጣት ያቃተው ፎስፌት፣ ያው ፎስፈረሱ፣ ደግሞ ደም ውስጥ ይቀራል፤ አንገትሽ ላይ ያሉት ምስር የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች ይደነግጡና ካልሲየሙን ከአጥንትሽ ቆፍረው ያወጣሉ። ሌሊት ጀርባሽን በማበጠሪያ የሚያስፎክትሽ ማሳከክ አንዱ መንስኤው ይኼ ነው። ያ ካልሲየም ካርቦኔት የተባለው ክኒን ፎስፌቱን ሆድ ውስጥ ምግብ ላይ እንዲይዘው ነው የታዘዘልሽ። አንቺ ደግሞ እንደ ቫይታሚን ጠዋት በባዶ ሆድ ትውጪዋለሽ። ከምሳሽ ጋር፣ እንጀራው ላይ እጅሽን ስትሰነዝሪ ዋጪው። አለዚያ አጥንት ሳይሆን የደም ሥር ነው የምታጠነክሪበት።

አሁን ወደ ሆድሽ ልመለስ፤ ተልባውን ያነሳሽው እሱ አስቸግሮሽ ነውና።

የጨጓራ ግድግዳ ራሱን የሚጠብቀው ሁሌ እየታደሰ፣ ሁሌ ንፍጥ እያለበሰ ነው። ያንቺ ደም ውስጥ ያለው ዩሪያ ወደ ሆድም ይሰርጋል፤ እዚያም ኤች ፓይሎሪ ካለ ዩሪያውን ሰብሮ አሞኒያ ያደርገዋል። ያ ባክቴሪያ አሲድ ውስጥ የሚኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። አሞኒያው ደግሞ ግድግዳውን ያሳርራል። ከዚያ የሆርሞኑ ነገር ይጨመራል። ለጨጓራ «አሲድ አምርት» የሚለው ሆርሞን ጋስትሪን ይባላል፤ ሥራውን ሲጨርስ ከሚያስወግዱት አንዱ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲያቆም ጋስትሪኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ግን እንዲህ ስልሽ «አሲዴ በዝቷል ማለት ነው» ብለሽ አትደምድሚ፤ አሞኒያው አሲዱን ስለሚያከሽፈው ብዙ የእኛ ሕሙማን አሲዳቸው እንዲያውም አነስ ያለ ነው። ሆዱ የሚቃጠለው ግድግዳው ስለደከመ ነው እንጂ አሲዱ ስለበዛ ላይሆን ይችላል። የአሲድ ክኒን እየዋጡ ለውጥ የሚያጡት ስንቶቹ እንደሆኑ ብታዪ!

በዚያ ላይ ሆድሽ ምግብ ቶሎ አያሳልፍም። ሁለት ጉርሻ በልተሽ «ጠገብኩ» የምትይው መሽኮርመም አይደለም። የጥጋብ መልእክተኛ የሆነው ሌፕቲንም መውጫ አጥቶ ተጠራቅሟል፤ ሳትበዪ ጠግበሻል እያለ አንጎልሽን ይዋሸዋል። ስለዚህ ረኃብሽን አትጠብቂ፣ ሰዓት ጠብቂ። ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ከትልልቅ ሰሐኖች ይልቅ አንድ እንቁላል በጠዋት፣ ከሰዓት ትንሽ ዶሮ ወይ ዓሣ። ትኩስ ምግብ ከሸተተሽ ቀዝቀዝ ይበል፣ ሽታው ይቀንሳል። ሥጋው ብረት ብረት ካለሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ ከመብላትሽም በፊት አፍሽን ተጉመጥመጪ። እጥበት አቋርጠሽ ከሆነ ደግሞ ሎሚም መጉመጥመጡም አይረዳሽም፤ የዚያ ጣዕም መድኃኒቱ ማሽኑ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቀን ቀርተሽ በሁለተኛው ቀን ምን እንደሆንሽ ታስታውሻለሽ።

የምፈራው ግን ማቃጠሉን አይደለም፤ ደሙን ነው። ዩሪያ በበዛበት ደም ውስጥ ፕሌትሌቶች ቁጥራቸው ቢሟላም ሥራቸውን በደንብ አይሠሩም፤ ትንሽ ቁስል እንኳ ለመድረቅ ይዘገያል። ጨጓራና አንጀት ውስጥ የሚያብጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች በኩላሊት ሕሙማን ላይ ይበዛሉ። ማሽኑ ላይ ደግሞ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጥሻል። ሦስቱ ሲገናኙ ትንሽ ቁስል ብዙ ይደማል፣ ዝም ብሎ ይደማል። ሰገራሽ ሬንጅ መስሎ ከጠቆረና ከተጣበቀ፣ ወይም ያስመለስሽው የቡና አተላ ከመሰለ፣ ተራ አትጠብቂ። የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ግን አንቺ አትፍረጂ፣ እኛ እንፍረድ። እጥበት ቀን ከሆነም መርፌው ከመግባቱ በፊት ተናገሪ። ያለ ሄፓሪን ማጠብ ይቻላል፤ ማሽኑ ጠር ጠር ይላል፣ ነርሷ ታጉረመርማለች፣ ግን ይቻላል። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ሰገራቸው እንደጠቆረ ለሴት ልጅ መናገር አፍረው ዝም አሉ፤ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ግፊታቸው 60 ገባ። ተርፈዋል። አሁን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ «ዛሬ ደህና ነው ልጄ» ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ሰላምታቸው እሱ ሆኗል።

ፋርማሲ ስትገቢ የምትይው የመጀመሪያ ቃል «የኩላሊት ታማሚ ነኝ» ይሁን። ከእንዴት ዋላችሁ በፊት። ያ ነጭ የጨጓራ ሽሮፕ፣ የሚንጡት፣ አልሙኒየምና ማግኒዢየም ነው። ሌላው ሰው በኩላሊቱ ያስወጣዋል፤ አንቺ ታስቀሪዋለሽ። በ1970ዎቹ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የእጥበት ሕሙማን አእምሯቸው እየደከመ፣ ንግግራቸው እየተሳሰረ ሞተዋል፤ መንስኤው ከእጥበት ውኃውና ከነዚያ መድኃኒቶች የተጠራቀመው አልሙኒየም ነበር። ማግኒዢየሙ ደግሞ ጡንቻና ትንፋሽ ያደክማል። ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶብሽ መድኃኒት ከተጻፈልሽም መጠኑ ለኩላሊት ይስተካከል በይ፣ ቢስሙት ያለበትን አይስጡሽ። ኦሜፕራዞልም ቢሆን እስከ መቼ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ እኔ ገዝቼ እንደሰጠሁሽ ዓይነት ከእንግዲህ የለም።

ሌላ አንድ ልንገርሽ፣ በሩን ዝጊው። ለማቅለሽለሹ የሰጡሽ ሜቶክሎፕራማይድ ሆድን ያፈጥናል፣ እውነት ነው፤ ግን ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞንም ከፍ ያደርጋል። ፕሮላክቲን የወተት ሆርሞን ነው፤ ባንቺ ደም ውስጥ አስቀድሞም በዝቷል፣ እጥበትም በደንብ አይቀንሰውም። ወሩ የሚጠፋው፣ እንቁላል የማይለቀቀው፣ ጡትሽ ሳትወልጂ ጠብ ያለው፣ አልጋ ላይ ፊትሽን የምታዞሪው አብዛኛው ከዚያ ነው። ባልሽን ስለጠላሽው አይደለም፣ እሱም ቀዝቅዛብኛለች ብሎ አይደምድም። እሱን ለብቻው አስቀምጬ ነግሬዋለሁ፤ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ፣ ግን ገባው። ወር የለም ማለት ግን ፈጽሞ አትጸንሺም ማለት አይደለም፤ አልፎ አልፎ የሚጸነስ አለ፣ በዚህ ሁኔታ ደግሞ ላንቺም ለጽንሱም ከባድ ነው። ስለዚህ መከላከያ ተነጋገሪ። የሚመች ቀን ሲመጣ፣ አዲስ ኩላሊት ሲገባ፣ ሆርሞኑ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ወሩም ይመጣል። ያኔም ቢያንስ አንድ ዓመት ጠብቂ ይሉሻል፣ ለጽንስ አደገኛ የሆኑትን መድኃኒቶች እስኪቀይሩልሽ።

የተጠራቀመ ሆርሞን ያታለለው አንቺን ብቻ አይደለም፤ አጎታችንን አስታውሺ፣ ስኳር በሽተኛውን። ጸበል ከርሞ ሲመጣ ኢንሱሊኑ በግማሽ ሲበቃው «ለቀቀኝ» ብሎ ድግስ አላሰበም? ስኳሩ አልለቀቀውም፤ ኩላሊቱ ነው የለቀቀው። ኢንሱሊንን ከሚሰብሩት አንዱ ኩላሊት ነውና፣ ሲደክም የተወጋው ኢንሱሊን ደም ውስጥ ይቆያል። ሌሊት ስኳሩ 38 ወርዶ ነው በላብ ተነክሮ ያገኙት። በቤታችን ውስጥ ስንት ነገር ነው ደህና ዜና መስሎ የመጣው!

ጸበል አትሂጂ አልልሽም፣ እኔም እሄዳለሁ። ተጠመቂ። በጀሪካን ጠጪ ሲሉሽ ግን ለካህኑ እውነቱን ንገሪያቸው፤ አንድ ጉንጭ ቅመሽ። ጾሙንም ለንስሐ አባትሽ አስረጂ። እጥበቱ ራሱ ፕሮቲን ይወስዳል፤ ሁዳዴን በሽሮና በምስር ብቻ ለማለፍ ሰውነትሽ አቅም የለውም፣ ጥራጥሬው ራሱ ፖታሲየምና ፎስፌት አለው። እሳቸው ከእኔ ይልቅ ያዝኑልሻል፤ ለታመመ የሚሉትን ያውቃሉ።

ምንድን ነው ዓይንሽ የሚያየው? ተልባው? አልደፋውም፣ እማዬ ትጠጣዋለች። ላንቺ ያቺን የአረቄ መለኪያ አምጪልኝ፤ አዎ፣ የአባዬን። ዝንጅብል ቀቅዬልሻለሁ። በእሷ ለክቼ ነው የምሰጥሽ፣ የጠጣሽውንም ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጻፊ። ሐሙስ የእኔና ያንቺ የቲሹ ምርመራ ውጤት ይመጣል። በጳውሎስ ሆስፒታል በአገራችን የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሠራ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ዜናውን የሰማሁት ማሽን እያጠብኩ ነው፤ የእህቴ ጉዳይ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ከተዛመደ እሰጥሻለሁ፣ ካልተዛመደም ወንድማችን አለ፤ እስከዚያ ግን ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታች እጠብቅሻለሁ፣ የካልሲየሟን ክኒን በቦርሳሽ ይዘሽ ውረጂ። መለኪያውን አጥበሽዋል?